ታንኳም ዕረፍት ያሻዋል

በዚህ ጽሑፍ ወደ አዊ ዞን፣ ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ፣ ከዚያም ወደ ጣና ዳር ይዤአችሁ እሄዳለሁ። ጉዞውን እኔና ባለቤቴ ያደረግነው በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። የተነሣነው ዘመድ ለመጠየቅና አገር ለማየት ነበር፤ ስንመለስ ግን ስለ ትዳራችን አንድ ነገር ተምረን ተመለስን። ያስተማሩን ጀልባዎች ናቸው ብል አትገረሙ።

በየማታው የሚታጠብ ጀልባ

ባለቤቴ ቢሾፍቱ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመዝናኛ ስፍራ ለእንግዶች የሚከራዩ ጀልባዎችን ይጠብቃል። ካያክ የሚባሉት ጠባብና ረዣዥም የፕላስቲክ ጀልባዎች አሉ፤ አንድ ወይም ሁለት ሰው ተቀምጦ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ ይቀዝፋቸዋል። በአየር የሚነፉ፣ ሰው በላያቸው ቆሞ የሚቀዝፍባቸው ሰሌዳዎችም አሉ። ዝናቡ ካበቃበት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሥራው ይደራል፤ በተለይ በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን ሐይቁ ዳር ሰልፍ ይሆናል። እንግዳው ለግማሽ ሰዓት ይከራያል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል።

የባለቤቴ ሥራ የሚከብደው እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው። ካያኮቹ በንጹሕ ውኃ ይታጠባሉ፤ ከመቀመጫው ሥር የገባው አሸዋ ካልወጣ እንደ ሞረድ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ታፖአቸው ተከፍቶ ሆዳቸው ውስጥ የሰረገው ውኃ ይንጠፈጠፋል። ከዚያም በጎናቸው ወይም ተገልብጠው በጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ፀሐይ ላይ የሚውል ፕላስቲክ ቀለሙን ይለቃል፣ እየቆየም ይሰነጠቃል፤ በሙቀት ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ጀልባም ሆዱ ይጎደጉዳል። የሚነፉት ሰሌዳዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አብዛኞቹ ከ12 እስከ 15 ፒ.ኤስ.አይ. በሚደርስ ግፊት ይነፋሉ። ጠዋት በብርድ ልክ የተነፋ ሰሌዳ እኩለ ቀን ላይ በደረቅ መሬት ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና ስፌቱን ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ከውኃ ሲወጣ ጥቂት አየር ይለቀቅለታል። የሚያፈስ ከመሰለ ቫልቩና ስፌቱ የሳሙና አረፋ ይቀባሉ፤ አረፋው ከተፍለቀለቀ ቀዳዳው እዚያ ነው። በመጨረሻ ላይፍ ጃኬቶቹ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። ዘለበቱ ይገጥማል ወይ? ስፌቱ ተተርትሯል ወይ? ከዚያ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ይሰቀላሉ።

ይህን ሁሉ ዛሬ በዝርዝር የምጽፈው በኋላ ስለ ተማርኩት ነው። በዚያን ጊዜ የማውቀው ማምሸቱን ብቻ ነበር። እራት ይቀዘቅዛል፣ ልጆቹ ይተኛሉ። እኔም ብሆን በቤት የምገኝ ሰው አልነበርኩም፤ ከመምህርነት ሥራዬ በተጨማሪ በቤተ ክርስቲያናችን በሕፃናት አገልግሎት ስላለሁ በሳምንት ሁለት ምሽት እወጣለሁ። ተጣልተን አናውቅም። ሰው ሲጠይቀን «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን» እንላለን። የምንነጋገረው ግን ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ዘይት ዋጋ ብቻ ሆነ። በታኅሣሥ አንድ ማታ አልቻልኩም፤ «ለፕላስቲክ የምትራራውን ያህል ለእኔ ብትራራ ምን ነበር?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። እጁን ታጥቦ ቀዝቃዛውን እራት በላ።

ከጥምቀት በኋላ እናቱን ለመጠየቅ የስምንት ቀን ፈቃድ አገኘ። ልጆቹን እኅቴ ዘንድ ትተን ሁለታችን ብቻ ተነሣን።

ከአባይ በረሃ እስከ ዘንገና

ከአዲስ አበባ እስከ እንጅባራ ያለው መንገድ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎሐ ጽዮን በኋላ መኪናው ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ባለቤቴ በመስኮት ወንዙን እያየ አንድ ታሪክ አጫወተኝ። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ከአባይ ምንጭ ተነሥተው፣ በጎማ ጀልባና በካያክ እየቀዘፉ፣ በሚያዝያ 2004 ሜድትራኒያን ባሕር ደረሱ። ጉዞው 114 ቀን ፈጀባቸው።

«ሰው የሚያደንቀው ፏፏቴውንና አዞውን ነው» አለኝ። «እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ማታ ማታ ስንት ጊዜ ጎማውን እንደ ለጠፉት ነው።»

ሳቅሁ። እንዲህ ካጫወተኝ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፈን ጥሊሊ ስንደርስ አየሩ ቀዘቀዘ። አዊ ደጋ ነው፤ እንጅባራም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በየጓሮው ቀርቀሃ ይታያል። ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው ዛፍም እንደ ገብስ ማሳ ጥቅጥቅ ብሎ ኮረብታውን ሸፍኖታል። እንጅባራ ለመግባት ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረን ወረድንና ከዋናው መንገድ ብዙም ሳንርቅ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ቆምን።

ዘንገና ክብ ነው። እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ውኃ ሞልቶት የተፈጠረ ነውና የእኛው የሆራና የባቦጋያ ዘመድ ነው። ዙሪያው በደን ተከቧል፤ ነፋስ ሲያርፍ ሰማዩና ዛፎቹ በውኃው ላይ ተገልብጠው ይታያሉ። ከአፋፉ ለሚያየው ትንሽ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ያህል እንደሆነ ይነገራል። ጣናን አስቡ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ሆኖ ሳለ፣ በጥልቁ ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። የውኃ ስፋት ጥልቀቱን አይናገርም ማለት ነው።

«እዚህ ጀልባ ብታከራይ ምን ታደርግ ነበር?» አልኩት ለጨዋታ ያህል።

እርሱ ግን የምሬን መስሎት ዳርቻውን በዓይኑ ለካ። ዳሩ ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ፣ ሁለት እርምጃ የገባ ሰው መሬት እንደሚያጣ፣ የደጋ ውኃ ስለሚቀዘቅዝም ዋናተኛ እንኳ ጡንቻው ቶሎ እንደሚያዝ ነገረኝ። «እዚህ ጃኬቱ ተፈትሾ ያልታሰረለት ሰው ጀልባ ላይ እግሩን አያነሣም» አለ። ከዚያ ዝም አለ። ቆየት ብሎም ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን ነገረኝ።

በ2009 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነው። ሰልፉ ረዝሟል፣ እንግዶች ተቆጥተዋል፣ አለቃም «ቶሎ ቶሎ በል» ይላል። በዚያ ጥድፊያ ዘለበቱ የላላ አንድ ጃኬት ለአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተሰጠ። ማታውን ዘለበቱ መላላቱን አይቶት ነበር፤ «ነገ እሰፋዋለሁ» ብሎ አሳደረው። ልጅቱ ከነአባቷ የተቀመጠችበት ካያክ ተገለበጠ፤ ጃኬቱ በራሷ ላይ ሾልኮ ወጣ። ባለቤቴ ከነልብሱ ዘልሎ ገብቶ አወጣት። ተርፋለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትየው አቅፎት አለቀሰ። ማንም ጥፋተኛ ያለው የለም። እርሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጃኬት በእጁ ሳይነካ አይገባም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። ያን ቀን ማታ ስመጣ አንቺ አገልግሎት ነበርሽ። በማግስቱ ደግሞ ሥራ ነበር። ከዚያ ጊዜው አለፈ።»

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ባሌ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሕፃን በሕልሙ እየሰጠመችበት ከጎኔ ተኝቶ ነበር። እኔ ግን ስለ ቀዘቀዘ እራት ስቆጣ ነበር።

የፈረሰኞቹ ዋዜማ

እንጅባራ የገባነው ለጥር 23 ዝግጅት በተጧጧፈበት ሰሞን ነበር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ እንጅባራ ላይ ተሰብስበው፣ በአድዋና ከዚያም በኋላ ጣልያንን ሲዋጉ የወደቁትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ያስባሉ። ፈረስ ለአዊ ሕዝብ ማረሻም፣ ማጓጓዣም፣ ክብርም ነው።

ሰው የሚያየው የበዓሉን ግልቢያ ነው። እኛ ግን ዘመድ ቤት ስላረፍን ዋዜማውን አየን። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ግላሱን አጥቦ አጥር ላይ አስጥቷል። ኮርቻውን ገልብጦ የታችኛውን ፊት በመዳፉ ይዳብሳል፤ የልጓሙንና የእርካቡን ጠፍር እየሳበ ይሞክራል። ምን እየፈለገ እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ትንሽ ነገር ነው የምፈልገው። በኮርቻ ሥር የቀረች ስንጥር ፈረስን ከጦር በላይ ታቆስለዋለች። ጀርባው የተላጠ ፈረስ ደግሞ ወር ቢያርፍም ላይድን ይችላል» አለኝ። ባለቤቴና ወንድሙ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ስለ ስፌትና ስለ ዘለበት ሲያወሩ አመሹ። አንዱ የፈረስ፣ ሌላው የውኃ ሰው ቢሆኑም ቋንቋቸው አንድ ነበር።

አማቴም አጠገቤ ተቀምጠው ቡና እየቆሉ በቀስታ፣ «አባታቸውም እንዲህ ነበር፤ እጁ ይናገራል እንጂ አፉ አይናገርም። አንቺ ጠይቂው እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ። እኚህ እናት ስለ ልጃቸው ብዙ ያውቃሉ። እኔ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጥሬው ነበር።

በዳንግላ የተከፈተው መጽሐፍ ቅዱስ

ከበዓሉ ማግስት ወደ ባሕር ዳር ጉዞ ጀመርን። በአዲስ ቅዳም በኩል አልፈን ዳንግላ አደርን። ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በጣናና በአባይ ታሪክ ውስጥ ስሟ የሚነሣ ከተማ ናት። ሮበርት ቺስማን የተባለ የእንግሊዝ ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ለዓመታት የኖረው እዚህ ነበር። ከዚህ እየተነሣ የጣናን ዳርቻና የአባይን ሸለቆ አጥንቶ፣ ካርታ አስነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል።

በዚያች ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ አልጋ ቤት፣ ጠዋት አብረን መጽሐፍ ቅዱስ ከፈትን። ለብቻችን ስናነብ ቆይተናል፤ አብረን ካነበብን ግን ስንት ጊዜ እንደሆነን ሁለታችንም አላስታወስንም። የደረሰው የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ነበር። ጌታ ኢየሱስ ያዕቆብንና ዮሐንስን ሲጠራቸው በታንኳቸው ውስጥ ሆነው መረባቸውን ሲያበጁ እንዳገኛቸው ተጽፏል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ደግሞ ዓሣ አጥማጆቹ ከታንኳ ወርደው መረባቸውን ሲያጥቡ ነበር።

ባለቤቴ ደጋግሞ አነበበው። «ዓሣ ሲይዙ አይደለም እኮ ያገኛቸው» አለ። «ዕቃቸውን ሲጠግኑ ነው።» ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም። ማንም የማያየው የማታ ሥራው በጌታ ዓይን የታየ ሆኖ ተሰማው። እኔም በልቤ «ጌታ ሆይ፣ እኔስ ለምን አላየሁትም?» አልኩ።

የጣና ዳሩ አባት

ባሕር ዳር ስንደርስ ሐይቁ ዳር በእግራችን ወጣን። በጣና ላይ ዛሬም የደንገል ታንኳ ይታያል። የደረቀ ደንገል በነዶ በነዶ ታስሮ፣ ጫፉ ወደ ላይ ተቀልብሶ ይሠራል፤ እንጨትም ምስማርም የለበትም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 18 ስለ ኢትዮጵያ ወንዞች ሲናገር የደንገል ታንኳን ያነሣል። የሙሴ እናትም ልጇን ያኖረችው በደንገል ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ውኃ እንዳይገባውም ዝፍትና ቅጥራን መርጋ ነበር። በሙያው ከታወቁት መካከል የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ይገኛሉ። ከሐይቁ ጋር ለዘመናት የኖሩ፣ ለዘመናትም በጎረቤቶቻቸው ዝቅ ተደርገው የታዩ ሰዎች ናቸው። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረን ሰው በእጁ ሥራና በዘሩ የናቅንበት ታሪክ ስላለን እኛም ንስሐ ያስፈልገናል።

አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን ከውኃ አውጥተው፣ ቀጥ አድርገው ዛፍ ላይ አስደግፈዋት ከሥሯ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ጥቂት ወደ ውስጥ ያስገቡናል?» አላቸው ባለቤቴ።

«ዛሬ እንኳ አይሆንም፣ ልጄ። ይች አራት ቀን ሙሉ ስትሠራ ሰነበተች። ውኃ ጠጥታለች፤ ዛሬ ትረፍ።»

«ክፍያውን ብንጨምርስ?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ብሩን እኔም እወደዋለሁ። ውኃው ግን ብር አይቀበልም።»

ወቅቱ የእንግዳ ነው፤ ገበያው እግራቸው ድረስ መጥቷል። እርሳቸው ግን መለሱት። ባለቤቴ ከጎናቸው ተቀመጠ። እርሱም የጀልባ ጠባቂ መሆኑን ሲነግራቸው ሽማግሌው ፊታቸው በራ፤ ጨዋታውም ደራ። ደንገል የሚንሳፈፈው እንደ ሰፍነግ ሆኖ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ነው። ያው ሰፍነግነቱ ግን ውኃም ያስጠጣዋል። ስለዚህ ሥራ ያበቃ ታንኳ ከውኃ ይወጣል፤ ቆሞ ይንጠፈጠፋል፤ ነፋስና ፀሐይ ያገኘዋል። እንዲህ ተይዞም ቢሆን ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው፤ ሌላ መሥራት ግድ ይላል። ውኃ ውስጥ ታስሮ የሚያድር ከሆነማ ቶሎ ይበሰብሳል።

እኔ ዝም ብዬ ስሰማ ቆይቼ፣ «አባባ፣ ማዕበል ያሰጠመው ታንኳ አይተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አይቻለሁ፣ እቴ። ማዕበልማ ለሁሉም ይመጣል። ይዞ የሚሄደው ግን ቀድማ የከበደችውን ነው።» ደግሞም የታንኳዋን ጎን መታ መታ አድርገው፣ «ስትከብድ ደግሞ በአንድ ቀን አይደለም። ትናንት እንደ ነበረች ትመስልሃለች። አንስተህ ካልሞከርካት አታውቅም» አሉ።

ባለቤቴ ስለ እምቦጭም ጠየቃቸው። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በጣና ላይ የታየው ይህ አረም የሐይቁን ዳርቻ ምን ያህል እንደ ጎዳ ሁላችንም ሰምተናል። ደንገሉም በእርሻና በግጦሽ መስፋፋት እየሳሳ ነው፤ ለታንኳ የሚሆነውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ እንዳለባቸው ሽማግሌው ነገሩን። ባለቤቴ ኋላ እንዳስረዳኝ፣ ጀልባ ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላ የሚወስድ ሰው ሆዱን አንጠፍጥፎ፣ አጥቦ፣ ፈጽሞ አድርቆ መውሰድ አለበት። በጀልባው ሥር የተጣበቀች አንዲት የእምቦጭ ቁራጭ ንጹሑን ሐይቅ ልትወርሰው ትችላለች። ዘንገናን የመሰለ ውኃ በአንድ ሰው ቸልተኝነት ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው። መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2 ላይ የወይኑን ቦታ የሚያጠፉት ትንንሽ ቀበሮች መሆናቸው ትዝ አለኝ።

ያን ቀን ታንኳ ላይ ሳንወጣ ቀረን። ፀሐይ እስክትጠልቅ ግን ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ባለቤቴ እንዲህ አለኝ፦ «ጀልባ ምን እንደ ጎደለው በእጄ ስነካው አውቃለሁ። አንቺን ግን ምን እንደ ጎደለሽ ጠይቄሽ አላውቅም። ይቅር በይኝ።» እኔም አለቀስኩ። «እኔም በሐይቁ ዳር አንድ ማታ መጥቼ የምትሠራውን አይቼልህ አላውቅም። አንተም ይቅር በለኝ» አልኩት። ሁለታችንም ከባድ ነበርን፤ ያነሣን ስላልነበረ ግን አላወቅነውም። በዚያው ተቀምጠን እጅ ለእጅ ተያይዘን ጸለይን።

ከዚያ ወዲህ

ቤታችን ስንመለስ ሁለት ነገር ወሰንን። በሳምንት አንድ ማታ እኔ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ፤ ጃኬቶቹን አብሬው አጥባለሁ፣ ዘለበት እፈትሻለሁ። በየማታው ደግሞ ከመተኛታችን በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ስልክ ሳንይዝ እንቀመጣለን። «ዛሬ ምን ከበደህ?» «ዛሬ ምን ከበደሽ?» እንባባላለን፤ ከዚያ በአጭሩ እንጸልያለን። ሁልጊዜ ተሳክቶልናል አልልም። ተኮራርፈን ያደርንበት፣ እንቅልፍ ያሸነፈን ምሽት አለ። ነገር ግን ማን እንደ ከበደው ለማወቅ ሦስት ዓመት አይፈጅብንም።

ብዙም ሳይቆይ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። እንግዳ ቀረ፤ ደመወዝም ተቆረጠ። ጀልባዎቹ ተደርድረው ቆሙ። እኔ «አሁንማ ያርፋሉ» ስል ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ። የተተወ ዕቃ ከሚሠራበት ዕቃ ቶሎ ይበላሻል አለኝ። እውነትም በአንድ ወር ውስጥ በጃኬቶቹ መካከል አይጥ ጎጆ ሠራች፤ አንድ ካያክ ውስጥ ውኃ ተኝቶ ትንኝ አፈላ። ዕረፍት ማለት መተው አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ሽማግሌው ታንኳቸውን ሲያሳርፏት ከሥሯ ተቀምጠው ነበር። እንደ ሥራ ወቅት ሁሉ የሥራ ማጣት ወቅትም ትዳርን ያከብዳል፤ በዚያ ዘመን ብዙ ባለትዳሮች በአንድ ክፍል ተዘግተው ሳለ የተራራቁት ለዚህ ይመስለኛል። እኛ ግን በጌታ ቸርነት ያችን ሩብ ሰዓት ይዘን ተሻገርን።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ያ የሄድንበት መንገድ እንደ ልብ የሚጓዙበት መሆኑ ቀርቷል። ከሩቅ ሆኖ ሐይቁን ሊያይ የሚመጣ እንግዳም አነሰ። የአማቴን ድምፅ የምንሰማው መስመር በተገኘ ቀን ነው። የጣና ዳሩን ሽማግሌ ስማቸውን ሳንጠይቅ ተለይተናቸዋል፤ በጸሎታችን ግን አሉ። ለአዊ፣ ለጎጃምና ለመላው አገራችን ሰላም እንድትጸልዩ በጌታ ስም አደራ እላለሁ። ሰላም ሲሆን ደግሞ ተነሡና ሂዱ፤ ዘንገናን እዩ። ከአፋፉ ስትቆሙ ትንሽ ይመስላችኋል። አትታለሉ፤ ጥልቅ ነው። ከጎናችሁ የቆመው የትዳር ጓደኛችሁም እንዲሁ ነው።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. የትዳር ጓደኛዬ ማንም ሳያየው የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? መቼ አመሰገንኩት?

2. «ነገ እሰፋዋለሁ» ብለን ያሳደርነው የላላ ዘለበት በቤታችን አለ ወይ?

3. ሥራና አገልግሎት በሚበዛበት ወቅት ታንኳችንን ከውኃ የምናወጣበት ሰዓት የትኛው ነው?

በማዕበሉ መካከል በታንኳው ውስጥ የነበረው ጌታ ከቤታችሁ አይለይ። አሜን።